ወደ ቊስለኛው የሚሄድ ሆስፒታል

ሆስፒታል ሲባል በሁላችን አሳብ የሚመጣው መሠረቱ በድንጋይ የተገነባ፥ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ፥ ከተሠራበት ቦታ የማይነቃነቅ ቤት ነው። በሽተኛው ወደ እርሱ ይሄዳል እንጂ እርሱ ወደ በሽተኛው አይመጣም። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለጓደኞቼ፥ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን ላስረዳ የፈለግሁት በካሚዮን ተጭኖ ስለሚጓዝ፥ ዛሬ እዚህ ታይቶ ነገ ሌላ ስፍራ ስለሚተከል ሆስፒታል ነው። ይኸውም በጦር ግንባር አጠገብ የሚሠራው ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ነው።

ለራቤል ተማሪ የጦር ሆስፒታል ምኑ ነው? የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አንደኛ ነገር፥ ጦርነት ለእኛ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ እርሱን ግን ነገሩን እያስረዳሁ ስሄድ በየቦታው አመጣዋለሁ።

በጦርነት የቈሰለ ሰው የሚሞተው ጥይት በመታው ቅጽበት ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙው ሰው የሚሞተው ከተመታ በኋላ ባሉት ሰዓቶች ነው። በአንድ ጐልማሳ ሰውነት ውስጥ የሚገኘው ደም አምስት ሊትር ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሁለት ሊትር የሚሆነው ቢፈስስበት ሕይወቱ ከከባድ አደጋ ላይ ይወድቃል። የጭኑ ትልቅ የደም ሥር የተቈረጠበት ሰው ደሙን የሚያቆምለት ካላገኘ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከዚህ የተረፈውን ደግሞ ከጥይቱ ጋር ወደ ሥጋው የገባው አፈርና የልብስ ቅዳጅ ይከተለዋል። በተለይም አንጀቱ የተበሳ ሰው እንደ ሆነ ከአንጀቱ የሚወጣው ቆሻሻ ሆድ ዕቃውን ይመርዘዋል። ስለዚህ ሰዓቱ በገፋ ቊጥር ሐኪሙ ሊያደርገው የሚችለው ነገር እያነሰ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሰዓት በፊት በቀላል ኦፕራሲዮን ይድን የነበረው ሰው በማግስቱ በምንም ብልኃት አይድንም።

ይህን ነገር ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አጎቴ ከገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲያጭድ ድንጋዩ ከዳውና ወደቀ፤ እግሩም ከጒልበቱ ላይ ተሰበረ። ደም እንኳ ብዙ አልፈሰሰውም ነበር። የሰፈራችን ወጌሻ ተጠርተው መጡና የእግሩን ጣቶች ዳብሰው፥ «ይህ እግር ቀዝቅዟል፤ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ቶሎ ውሰዱት» አሉ። እኒህ ሰው ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን እግር ወግሸው ሰዓት ባለማባከናቸው እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። ጐረምሶቹ በሁለት አጣና ላይ ጠፍር ጠምጥመው፥ ባና አንጥፈውበት፥ በዚያ ቃሬዛ ተሸከምነው። የዚያን ቀን ጉሙ ከፊታችን የሚሄደውን ሰው አያሳይም፤ ጭቃውም ጫማ ይነጥቃል። አራት አራት እየሆንን ስንቀያየር የመኪናው መንገድ ላይ የደረስነው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያም መኪና እስኪገኝ፥ ከሐኪም ዘንድም እስኪደርስ መሸ። ለካ ከጒልበቱ ኋላ የሚያልፈው የደም ሥር ተጐድቶ ኖሮ ደም ወደ ታች መውረዱን አቁሟል። ሥጋ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቈየ መሞት ይጀምራል። ሐኪሙ ለአባቴ፥ «ሰውየውን አድርሳችሁታል፤ እግሩ ግን አልደረሰም» አለው። እግሩ ተቈረጠ። አጎቴ ዛሬ በክራንች ይሄዳል፤ በእርሻው ላይ የሚያርሰው ልጁ ነው።

እንግዲህ የጦር ሜዳ ሆስፒታል የተፈጠረው ለዚህ ነው። ቊስለኛው ወደ ሐኪሙ በጊዜ መድረስ ካልቻለ ሐኪሙ ወደ ቊስለኛው ይሂድ የሚል አሳብ ነው።

አሳቡ የቈየ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1792 ዶሚኒክ ላሬ የሚባል ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን ቊስለኛ ውጊያው እስኪያልቅ ድረስ በወደቀበት ይቀራል፤ ሐኪሞቹም ከጦሩ በብዙ ርቀት ኋላ ይሰፍሩ ነበር። ላሬ ግን በፈረስ የሚሳቡ ቀላል ጋሪዎች አዘጋጅቶ ውጊያው ሳያልቅ ቊስለኛውን ማንሣት ጀመረ። ከዚህም ሌላ አንድ ትልቅ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም መጀመሪያ የሚታከመው ማዕረጉ የከበደ ሳይሆን ቊስሉ የከበደ ነው የሚል ነው። ሹም ቢሆን ተራ ወታደር ቢሆን ተራውን የሚወስንለት ቊስሉ ነው። ከዚያ በኋላ በ1859 በጣልያን አገር በሶልፌሪኖ የወደቁትን ቊስለኞች ያየ ሄንሪ ዱናን የሚባል የስዊስ ሰው ባነሣው አሳብ ቀይ መስቀል ተመሠረተ፤ በ1864ም በጄኔቭ መንግሥታት ተስማምተው፥ ይህ ምልክት ያለበትን ሆስፒታልና ሐኪም ማንም እንዳይመታ ሕግ አወጡ። ሆስፒታልን ወደ ጦር ግንባር ለማስጠጋት ይህ ሕግ የግድ ነው፤ ምክንያቱም ድንኳን መድፍን አይመክትም፤ የሚመክትለት በላዩ የተሣለው ምልክት ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በዐድዋ ጊዜ ከሠራዊታችን ጋር እንዲህ ያለ ሆስፒታል አልነበረም። የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቊስለኞችን ማከም የጀመሩት ድሉ ከተገኘ ከወራት በኋላ፥ በዚያው በ1888 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። ከዐድዋ ተነሥቶ በእግሩ ወይም በበቅሎ አዲስ አበባ እስኪደርስ በሕይወት የቈየ ቊስለኛ ብቻ ነው እነርሱን ያገኛቸው። የቀረውን ወጌሻውና መድኃኒት ዐዋቂው እንደ ቻሉ ረዱት።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። ሦስት ወር ሳይሞላ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። እንግዲህ ማኅበሩ ገና በእግሩ ሳይቆም ጦርነት ደረሰበት ማለት ነው። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት፥ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለአገራቸው ርዳታ ይሰበስቡ ነበር። አዲስ አበባም ልዕልት ፀሐይ ከሌሎች እመቤቶች ጋር ሆነው ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። ልዕልቲቱ በስደት ጊዜ ለንደን ላይ የነርስነት ትምህርት ተምረው በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

ከውጭ አገር ደግሞ አምቡላንሶች መጡ። በዚያ ጊዜ አምቡላንስ የሚባለው ዛሬ እንደምናውቀው አንድ መኪና አይደለም፤ ሐኪሞች፥ አስታማሚዎች፥ ድንኳኖች፥ የመድኃኒት ሣጥኖችና ካሚዮኖች ያሉት ሙሉ ክፍል ነው። ስለዚህ አምቡላንስ መጣ ሲባል ሆስፒታል መጣ ማለት ነበር። ስዊድን፥ እንግሊዝ፥ ሆላንድ፥ ኖርዌይ፥ ፊንላንድና ግብጽ ላኩ። በጎ ፈቃደኞቹ ሐኪሞች ከግንባሩ ብዙም ሳይርቁ ድንኳን ተክለው፥ በላዩ ትልልቅ ቀይ መስቀል ዘርግተው ሥራ ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ሲነበብ ያሳዝናል፤ ቢሆንም መነገር አለበት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት በደሴ ላይ የጠላት አይሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉ ቀይ መስቀል ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ተመታ። እዚያ የነበሩት ሐኪሞችም ተቃውሟቸውን ወደ ጄኔቭ አስተላለፉ። በዚያው ሰሞን በደጋሃቡር ሮበርት ሆክማን የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከወደቁትና ካልፈነዱት ቦምቦች አንዱን ሊያከሽፉ ሲሉ ፈንድቶ ገደላቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ ግንባር፥ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ኋላ በገናሌ ወንዝ አጠገብ በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን አምቡላንስ በቦምብ ተደበደበ። በዚያ ግንባር የኢጣልያኑ ጦር አዛዥ ግራዚያኒ ነበር። ከድንኳኖቹ ውስጥ የተኙ ቊስለኞች ለሁለተኛ ጊዜ ተመትተው ሞቱ፤ የአምቡላንሱ አለቃ ዶክተር ፍሪድ ሂላንደር ቈሰሉ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ረዳትም በቊስሉ ሞተ። ከቦምብ ለመዳን መጥቶ የተኛን ሰው በአልጋው ላይ መምታት! ከዚህ የከፋ ጀግንነት ካለ እኔ አላውቅም።

በሰሜንም እንዲሁ ሆነ። የካቲት 25 ቀን በቆረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዝ አምቡላንስ ተደበደበ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖ ከቀይ መስቀል አይሮፕላን ነጂው ከስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ጋር ቆረም ባረፉ ጊዜ፥ መጋቢት 8 ቀን፥ አይሮፕላናቸው መሬት ላይ ሳለ በቦምብ ተቃጠለ።

እነዚህ ድንኳኖች ከቦምቡ ሌላ ያልተዘጋጁለት ነገር ገጠማቸው፤ ይኸውም የመርዙ ጋዝ ነው። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ከአይሮፕላን እንደ ካፊያ ይረጭ ነበር። በሣሩና በቅጠሉ ላይ ይቀመጥና የነካውን ሥጋ ከሰዓታት በኋላ ውኃ ያስቋጥረዋል፥ ዐይን ያሳውራል፥ ሳንባም ያቃጥላል። ሠራዊታችን አብዛኛው ባዶ እግሩን ይሄድ ስለ ነበር ሣሩን ሲረግጥ እግሩ ይቃጠላል። ኢጣልያ ራስዋ ይህን መርዝ የሚከለክለውን በአውሮፓ አቈጣጠር የ1925ን የጄኔቭ ስምምነት ያጸደቀች አገር ነበረች። ጥይት በሥጋ ውስጥ ቢቀር የሐኪም ቢላዋ ያወጣዋል፤ የተቃጠለ ቆዳን ግን ቢላዋ ምን ያደርግለታል? ብዙ ውኃ፥ ንጹሕ ልብስና ብዙ ቀን የሚያስታምም ሰው ይፈልጋል። በድንኳኖቹ ውስጥ ይህ ሁሉ በቶሎ አለቀ።

የእንግሊዙ አምቡላንስ አለቃ ዶክተር ጆን ሜሊ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱን ለቅቀው ኢጣልያኖች ገና ሳይገቡ ዝርፊያ በሆነበት ቀን በካሚዮን እየዞሩ ከመንገድ የወደቁ ቊስለኞችን ሲሰበስቡ አንድ ዘራፊ ተኲሶ መታቸው። የሞቱት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ነው። የአገራችንን ቊስለኛ ሲያነሡ በአገራችን ሰው እጅ መሞታቸውን ሳነብ ዐፈርሁ፤ ይህንንም ያጻፈኝ እውነቱ በሙሉ ይነገር ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት፥ በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይና ሌሎችም አርበኞች በመንዝና በአካባቢዋ ሲዋጉ ድንኳንም አምቡላንስም አልነበረም። ቊስለኛ የሚታከመው በዋሻና በገበሬ ቤት ነው፤ የተሰበረ አጥንት በቀርክሃ ይታሰራል፤ ለቀረው እግዚአብሔር ያውቃል ይባል ነበር።

አሁን ከመንዝ ተነሥተን እጅግ ሩቅ ወደሆነ አገር እንሂድ። በሰኔ 1942 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት ተነሣ። ኢትዮጵያ ቀድሞ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ርዳታ ጠይቃ የተነፈገች አገር ስለሆነች፥ ለተጠቃ አገር መድረስ ይገባል በማለት ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ላከች። ስሙም ከራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም የተወሰደው ቃኘው ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገሩ ተነሥቶ በመርከብ ተጓዘና ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ከዚያም ሁለተኛውና ሦስተኛው በተራቸው ዘመቱ። 121 ሰው ሞተ፥ 536 ቈሰለ። ከቃኘው አንድም ምርኮኛ አልተያዘም፤ ሙታኑንና ቊስለኞቹን ተሸክሞ ይመለስ ነበርና በጠላት እጅ ትቶት የሄደው ሰው የለም።

እንግዲህ እነዚህ ቊስለኞች የደረሱት ከ1928ቱ ወንድሞቻቸው ፈጽሞ ከተለየ ነገር ላይ ነው። የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካየው በመነሣት፥ ዶክተር ማይክል ደቤኪና ጓደኞቹ ባቀረቡት አሳብ፥ ሙሉ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በካሚዮን ተጭኖ ከሠራዊቱ ኋላ እንዲከተል አድርጎ ነበር። በኮሪያ ጦርነት መጀመሪያ ወራት 8055ኛ፥ 8063ኛና 8076ኛ የተባሉ ሦስት ሆስፒታሎች ገቡ። እያንዳንዱ 60 አልጋ እንዲኖረው ታስቦ ነበር፤ የቊስለኛው ብዛት ግን ወደ 200 አሳደገው። ኖርዌይም በሐምሌ 1943 ዓ.ም. የራስዋን እንዲህ ያለ ሆስፒታል ልካ እስከ 1947 ዓ.ም. ከ90 ሺህ በላይ በሽተኞች አከመችበት።

አሠራሩን በአንድ ቊስለኛ ላይ ተከትለን እንየው። ወታደሩ በተራራው ላይ ተመታ እንበል። መጀመሪያ የሚደርስለት ከጓደኞቹ ጋር የተሰለፈው የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ነው። ሥራው ጥቂት ነው፤ ደሙን በፋሻ ተጭኖ ያቆማል፥ ካልቆመለት ከቊስሉ በላይ አጥብቆ ያስራል፥ ለሕመሙ ሞርፊን ይወጋዋል። ከዚያ በቃሬዛ ወደ ሻለቃው የሕክምና ጣቢያ ይወርዳል። አዎን፥ እዚያም ቢሆን ቃሬዛ ነው! በዓለም ላይ ከፍተኛ ሀብት ያለው ሠራዊት እንኳ ከተራራ ላይ ሰው የሚያወርድበት ሌላ መንገድ አላገኘም፤ በአራት ሰው ትከሻ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። በጣቢያው ያለው ሐኪም ቊስሉን አይቶ ሊጠብቅ የማይችለውን ለይቶ በአምቡላንስ መኪና ወይም በሄሊኮፕተር ይልከዋል።

ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። የነበረችውም ነጂውን ከመስተዋት ሉል ውስጥ የምታስቀምጥ ትንሽ መኪና ስትሆን፥ ቊስለኛው ከውጭ በኩል በግራና በቀኝ በተገጠመ ቃሬዛ ላይ ታስሮ ይጓዝ ነበር፤ ስለዚህ የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። በሌሊት አትበርም፤ ጉም ሲሆንም አትበርም። ቢሆንም በመኪና መንገድ ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን ተራራ በደቂቃዎች ታልፈው ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ከ17 ሺህ በላይ ቊስለኛ በዚህ ዓይነት ወርዷል።

ሆስፒታሉ ከግንባሩ የመድፍ ጥይት ከሚደርስበት ትንሽ ራቅ ብሎ የተተከለ የድንኳን መንደር ነው። ቊስለኛው ሲደርስ መጀመሪያ የሚገባው ከመለያው ድንኳን ነው። አንድ ልምድ ያለው ሐኪም እየዞረ ማን አሁኑኑ ወደ ቢላዋው መግባት እንዳለበት፥ ማን ጥቂት ሊቈይ እንደሚችል፥ ማን ደግሞ ቊስሉ ታስሮ ወደ ኋላ መሄድ እንደሚችል ይወስናል። ላሬ ያወጣው ደንብ ይህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ደም ይሰጠዋል። ለሁሉም ሊስማማ የሚችለው ዓይነቱ ኦ የሆነ ደም በጠርሙስ ተሞልቶ በበረዶ እየተጫነ ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ ቊስለኛው ደሙ ሳይተካለት ማደንዘዣ ቢሰጠው ሊሞት ስለሚችል አስቀድሞ ደሙ ይተካለታል። በራጅ ስባሪው የት እንዳለ ይታያል። ከዚያ በጄኔሬተር በሚበራ መብራት ሥር ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ኦፕራሲዮን ይደረግለታል።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር አስገርሞኛል። የጦር ሐኪሙ የሞተውን ሥጋና ቆሻሻውን ቈርጦ ካወጣ በኋላ ቊስሉን አይሰፋውም፤ ክፍቱን ይተወዋል። ቊስሉ ወዲያው ቢሰፋ በውስጡ የቀረው ቆሻሻ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በንጹሕ ፋሻ ይሸፈንና ንጹሕ መሆኑ ሲታወቅ ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ይሰፋል። ያን ጊዜ ግን ቊስለኛው በዚያ ድንኳን ውስጥ የለም። የድንኳኑ ሥራ ሕይወትን ማትረፍ ብቻ ነው፤ ሕይወቱ ከተረፈለት በባቡር ወይም በአይሮፕላን ወደ ኋላ ሆስፒታል፥ የቊስሉም ጠባይ ካስፈለገ እስከ ጃፓን ድረስ ይላካል፤ ለሚመጣው ሰው አልጋው ባዶ መሆን አለበት። ግንባሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲሄድም ድንኳኑ ይጠቀለልና ሁሉም በካሚዮን ተጭኖ አብሮ ይሄዳል።

ሥራው ምን ያህል ጠቀመ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ከደረሱት የአሜሪካ ቊስለኞች ከመቶው አራት ተኩል ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በኮሪያ ከመቶው ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። ይህ ልዩነት የድንኳኑና የሄሊኮፕተሩ ብቻ አይደለም፤ ፔኒሲሊንና የደሙ ብዛት ድርሻ አላቸው። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ስለ እግር የተጻፈው ነው። ቀድሞ ትልቁ የደም ሥር የተቈረጠበትን ሰው ሐኪሞች ሥሩን አሥረው ይተውት ነበር፤ ስለዚህም ከእንዲህ ያሉ ቊስለኞች ግማሽ ያህሉ እግራቸውን ወይም እጃቸውን አጥተዋል። በኮሪያ ቊስለኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚደርስ ሐኪሞቹ የተቈረጠውን ሥር መልሰው መስፋት ጀመሩ፤ እግሩ የሚቈረጥበትም ከመቶው ወደ 13 ወረደ። አጎቴ በዚያ ተራራ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ማሰቤን አልደብቅም፤ የሚገርም አሳብ ነው፤ ማንም ሰው ጦር ሜዳ ላይ ቢጐዳ ይሻለው ነበር አይባልም።

ይህ ሁሉ ሲባል ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። በክረምት የኮሪያ ብርድ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ያልፋል፤ የእኛ የጓሳ ውርጭ ከእርሱ ጋር አይወዳደርም። ደሙ በጠርሙሱ ይረጋል፤ ሐኪሞቹ በድካም ብዛት በቆሙበት ያንቀላፋሉ። በውጊያ ቀን ከመለያው ድንኳን ውጭ ቃሬዛዎች በሰልፍ ይጠብቃሉ፤ በዚያን ጊዜ ከባዱ ቊስለኛ መጀመሪያ የሚለው ደንብም ይጨንቃል፤ በጣም የከበደውንና የማይድነውን ወደ ጐን አድርጎ ሊድን የሚችለውን ማስቀደም ይመጣልና። ይህን የሚወስነው ሐኪም በሌሊት ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚተኛ እኔ አላውቅም።

አሜሪካኖች ይህን ዓይነት ሆስፒታል ከኮሪያም በኋላ ሲጠቀሙበት ቈይተው በመጨረሻ ይበልጥ ትንንሽና ፈጣን በሆኑ ክፍሎች ተኩት። የመጨረሻው 212ኛው ነበር። መስከረም 28 ቀን 1998 ዓ.ም. በፓኪስታን ሰሜናዊ ተራሮች ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ ይህ ሆስፒታል ወደ ሙዛፈራባድ ተላከ። አገሩ እንደ እኛው ገደላማ ነው፤ መንገዱም በናዳ ተዘግቶ ነበር። ከየመንደሩ ሰዎች የተሰበሩትን በትከሻቸው አወረዱ፤ ሄሊኮፕተሮችም አመላለሱ፤ በድንኳኖቹም ውስጥ የታከሙት ወታደሮች ሳይሆኑ እናቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ድንኳኖቹን፥ አልጋዎቹንና የኦፕራሲዮን ዕቃውን ይዘው አልሄዱም፤ ለፓኪስታን ሰዎች አስረክበው እዚያው ተዉት።